በዓይኗ የምታነበው ልጅ

ሞጣ ላይ ጎበዝ መምህር የሚታወቀው ከመንገድ ነው። መንገደኛው በትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ሲያልፍ የአንዱ ክፍል ጩኸት ቆርቆሮውን ሊነቅለው ከደረሰ «እዚህስ ይማራሉ!» ብሎ መርቆ ይሄዳል። ጸጥ ካለ ደግሞ «ዛሬም መምህሩ ቀርቷል ማለት ነው» ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔ ከቢቸና ተመድቤ ስመጣ ይህንን የነገረኝ አልነበረም። ለነገሩ ቢቸናም ያው ነው። እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት እየጮኽኩ ነው፤ የማባዛት ሰንጠረዡንም እስከ ዛሬ በልቤ ስለው ጉሮሮዬን ያሳክከኛል።

ሦስተኛ ክፍል ሰጡኝ። አማርኛውም፣ ሒሳቡም፣ ሥዕሉም እኔው ነኝ። የንባብ ሰዓት ሲሆን አንድ ጎበዝ ልጅ ተነስቶ ይመራል፣ ክፍሉ በሙሉ ይቀበላል። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ ጠጋ ብዬ ሳይ ግማሾቹ በመስኮት ውጭ ያለውን ፍየል እያዩ ነው ምንባቡን አንድ ቃል ሳይስቱ የሚሉት። አንዱማ መጽሐፉ ላይ ተኝቶበት ሲቀበል አገኘሁት። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ያበግነኛል። ንዴቴ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል፤ እናቴ «የጭድ እሳት» የምትለኝ በከንቱ አይደለም። ጮኽኩባቸው። እነሱ ግን ጩኸቴንም ሊቀበሉኝ ምንም አልቀራቸውም።

ያዳነኝ ጉንፋን ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ «እንደምን አደራችሁ» ልል አፌን ብከፍት የወጣው ድምፅ የታነቀች ዶሮ ድምፅ ሆነ። ልጆቹ በደስታ ሊሞቱ! ምን ላድርግ፣ ጠመኔ አነሳሁና ሰሌዳው ላይ «ዛሬ ሁላችንም በዓይናችን ብቻ እናነባለን። አፍ ዝግ» ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉ ደነገጠ። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ማን አጥፍቶ ነው?» አለ። ቅጣት መስሏቸዋል። መማሪያ መጽሐፉ እኮ በየምንባቡ አናት ላይ «በለሆሳስ አንብቡ» ይላል፤ ግን ያንን መስመር ራሱን ጮኸው ነበር የሚያነቡት።

እየቆየ ለመዱት። ድምፄም ተመለሰ፣ እኔ ግን ነገሩን አልተውኩትም። በየቀኑ ከእረፍት መልስ ጥቂት ጊዜ አፍ ዝግ ሆነ። መጀመሪያ የመጣው ርዕሰ መምህሩ ነበር። ከወሎ የመጣ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው፤ በሩን በርግዶ «የዚህ ክፍል መምህር የት ሄዳ ነው?» እያለ ገባና እኔን ጥግ ላይ መጽሐፍ ይዤ ሲያገኘኝ አፈረ።

«ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለ በሹክሹክታ።

«እያነበብን ነው።»

«እንዲህ ሆናችሁ?»

«እንዲህ ሆነን።»

ጭንቅላቱን እያወዛወዘ ወጣ። ሌላ ቀን ደግሞ ለልጇ ምሳ ያመጣች እናት በመስኮት ብቅ አለችና «እሰይ! ጥጋበኞች ናቸው፣ ደግ አደረግሽ ዝም አሰኘሻቸው» አለችኝ። መምህራኑማ በሳቅ አለቁልኝ። ሻይ ቤት ስገባ «እመ ምኔት መጡ! ገዳሙ እንዴት ነው?» እያሉ ወንበር ይስቡልኛል። ይበሉ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብዬ ሻዬን እጠጣለሁ።

አሁን ወደ ልጅቱ ልምጣ፤ ይህንን ሁሉ ያወራሁት ለሷ ብዬ ነው።

መስኮቱ ሥር ትቀመጥ ነበር፤ ቀጭን፣ ግንባሯ ሰፋ ያለ፣ ዓይኖቿ የማያርፉ። ስትናገር ትንተባተባለች። ትንሽ አይደለም፤ የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ ምላሷ ይያዝና ፊቷ ደም ይለብሳል፣ አንገቷ ይገተራል፣ ቃሉ ግን አይወጣም። ከዚያ ወይ ጓደኛዋ ቃሉን ትቀማትና ትጨርስላታለች፣ ወይ ከኋላ አንዱ ባለጌ ያስመስላታል። ከእኔ በፊት የነበሩት መምህራን ደጎች ነበሩ፤ እንዳያሳቅቋት ብለው የንባብ ተራዋን ያልፏታል። በዚህ ደግነት መሀል ልጅቱ ማንበብ ትችል አትችል የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ድምፅ ያላወጣ ልጅ አላነበበም ተባለና ሁለተኛ ክፍልን ደገመች።

አባቷ የኔታ ናቸው፤ በደብሩ ቅጥር ግቢ፣ ወይራው ሥር፣ ፊደልና ዳዊት ያስተምራሉ። ድምፃቸውን ሞጣ ውስጥ የማያውቅ የለም። ለበዓል ዜማ ሲያነሱ ከገበያ ዳር የቆመ ሰው እንኳ ነጠላውን ያስተካክላል። የዚያ ድምፅ ባለቤት የመጨረሻ ልጅ እንዲህ ሆነች፤ አንዳንዴ የፈጣሪን ሥራ ሳስበው ይገርመኛል።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ የወንበር ጓደኛዋ መጥታ «ቲቸር፣ ይቺ'ኮ ከፋሲካ በኋላ ባሕር ዳር ልትሄድ ነው፤ ሕፃን ልትይዝ» አለችኝ። አክስቷ ወልዳ ኖሮ ወደ ሥራ ልትመለስ ነው፣ ልጅ የሚይዝላት ትፈልጋለች። ልጅቱን አየኋት። የወንበሩን ቀለም በጥፍሯ እየፋቀች ነበር።

«መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

ራሷን ነቅንቃ «አልፈልግም» አለችኝ። ለዚህ መቼም ምላስ አያስፈልግም።

«እዚያም ትማራለች» ይባላል፤ አውቃለሁ። «እዚያም ትማራለች» ተብለው ሄደው፣ ያዘሏቸው ሕፃናት ከእነሱ ቀድመው ትምህርት ቤት የገቡባቸውን ልጆች አውቃለሁ። ግን ምን ብዬ ነው የምከራከረው? ሰነፍ ናት ስለተባለች ልጅ አባቷን በምን አፌ ልሟገት?

በዚያው ሳምንት ከዓይን ንባብ በኋላ አንድ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ምንባቡ ስለ ንብ ነው፤ «ንቦቹ ቀፎውን ጥለው ለምን ሄዱ?» አልኩ። የክፍሉ አንደኛ «ማር ስላለቀባቸው» ብሎ ጻፈ፤ ስህተት ነው። ኩረጃ የማይሻገረው ወንዝ የለምና ክፍሉ በሙሉ፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ ንቦቹን በማር እጦት አሰደዳቸው። አንዲት ወረቀት ብቻ «ሰውየው ጭስ ስላበዛባቸው» ትላለች። የሷ ናት! ወረቀቷን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከማን ቀዳችው እንዳልል እንደሷ የጻፈ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሬ እየፈተንኳት ሄድኩ፤ ታነባለች። ኧረ ከብዙዎቹ ይልቅ ታነባለች!

እርግጠኛ የሆንኩ ዕለት፣ ትምህርት እንደተለቀቀ በቀጥታ ወደ ደብሩ ሄድኩ። የኔታ ከልጆች መሀል ተቀምጠዋል፤ ሁሉም በየራሱ ይጮኻል፣ አንዱ ፊደል፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ፣ አንዱ ዳዊት። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያንን ሁሉ ጩኸት ለይተው ይሰማሉ፤ ድንገት አንዱን በመቋሚያቸው ነካ አድርገው «ተመለስ፣ ዘለልክ» ይላሉ። እጅ ነስቼ ተቀመጥኩና የመጣሁበትን ተናገርኩ።

«የኔታ፣ ልጅዎ ታነባለች።»

«አንብባ ሰማሻት?»

«አልሰማኋትም፤ በዓይኗ ነው የምታነበው።»

ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ዓይንማ ፍየልም አላት። ንባብ ድምፅ ነው። ድምፅ ከሌለው በምን ይታረማል? ይኸው እኔ፣ ልጅ ሲስት የምሰማው በጆሮዬ ነው። ዝም ብሎ ያነበበውን ማን ያርመዋል?»

ነገሩ እውነት አለው፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። «መጽሐፉ ራሱ'ኮ በለሆሳስ አንብቡ ነው የሚለው!» አልኩ።

«ለሆሳስም ቢሆን ድምፅ አለው፣ መምህርት።»

ተሸነፍኩ። የንቦቹን ነገር አነሳሁ። እሱን ሲሰሙ እንዲያውም ኮራ አሉ፤ «ታላቅ ወንድሟ ያንን መጽሐፍ ቤት ውስጥ ሲያነብ ሰምታ በቃሏ ይዛው ነው። የኔ ልጅ ናት፤ አንዴ የሰማችው ከልቧ አይወጣም» አሉኝ። ወይ መከራዬ! ጉብዝናዋን በጉብዝናዋ አጠፉብኝ። ልነሳና ልሂድ ስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ።

«ጠላቷ እንዳልመስልሽ። ጠበል ወስጃታለሁ፤ ሱባዔ ገብቼላታለሁ። ልጆቹ እያስመሰሉ ሲያሾፉባት፣ በትምህርት ቤቱ በኩል ሳልፍ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያመኛል። ሕፃን ልጅ አያሾፍባትም።»

የጭድ እሳቴ ድርግም አለ። ሰውየው ልጃቸውን የሚሸሽጉበት ቦታ እየፈለጉ ነው እንጂ የሚጥሉበት አልነበረም። ቁጭ አልኩና ተለማመጥኳቸው። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ ማንም ያላየው፣ ሞጣ ውስጥ የሌለ መጽሐፍ አመጣለሁ። እፊታቸው በዓይኗ ታነባለች፤ እሳቸው ይጠይቋታል፤ እሷ ጽፋ ትመልሳለች።

«ከመለሰች ትቀራለች» አሉ።

«ካልመለሰችስ?»

«ካልመለሰች አንቺም ተዪኝ።»

አንቺም ተዪኝ! እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ በኋላ ነው መጽሐፉ ከየት ይመጣል የሚለው የመጣብኝ። የእኛ ትምህርት ቤት ያሉት የተረት መጻሕፍት ጥቂት ናቸው፣ እነሱንም ልጁ ሁሉ በቃሉ ይዟቸዋል። ትዝ ያለችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ቢቸና ታስተምራለች፤ የትምህርት ቤታቸውን የንባብ ክፍል የያዘችው እሷ ናት፣ ደግሞም እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቀው። አርብ ከሰዓት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ወርዶ ሰው እስኪሞላ ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ ሾፌሩን «ሰውዬ፣ ፋሲካ ሊደርስ ነው'ኮ!» ስለው «ገና አንድ ወር አለው፣ እትዬ» ብሎ አሳቀብኝ።

እህቴ መጀመሪያ ቆጣችኝ፣ ቀጥላ ሽሮ አበላችኝ፣ ከዚያ ሰማችኝ። ጠዋት የንባብ ክፍሏን ከፈተችልኝ። ገና ያልተፈታ ካርቶን ነበራት፤ እስኪመዘገብ አይነካም ያለችውን፣ እየተነጫነጨች በምላጭ ቀደደችልኝ።

«የትኛውን ትወስጃለሽ?»

«ማንም ያላየውን።»

«ሁሉንም ማንም አላያቸውም፤ ፍጠኚ።»

ሽፋኑ ላይ ያጌጠች በቅሎ ያለችበትን፣ ሣሣ ያለውን አነሳሁ። መኪና ላይ አነበዋለሁ ብዬ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ግን ሞጣ እስክንገባ የምራታቸውን ነገር አወሩኝ፤ እኔም ነገር ስወድ! ምራትየዋን ጨርሼ አወቅኋት፣ መጽሐፉን ግን አልገለጥኩትም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የየኔታ ቤት ሄድኩ። መደቡ ላይ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን እንዳሰሩ ተቀምጠዋል። ልጅቱ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዛ ዱካ ላይ ቁጭ ብላለች። መጽሐፉን ልሰጣት ስዘረጋ የኔታ መሀል ላይ ተቀበሉኝ።

«የኔታ፣ እሷ ናት'ኮ የምታነበው!»

«ቆይ፤ መጀመሪያ እኔ ልየው። ያላየሁትን መጽሐፍ ለተማሪ ሰጥቼ አላውቅም።»

ይዩት አልኩ በልቤ፤ ቢያዩት ምን ይጎዳል። ለካ የሳቸው ማየት ሌላ ነው! መነጽራቸውን አደረጉ፣ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጅቱም እንደ ቄስ ተማሪ ወግ ዱካዋን ሳብ አድርጋ ክንዳቸው ሥር ገባችና ዓይኗን ገጹ ላይ ጣለች። እሳቸውም በዚያ ሞጣ በሚያውቀው ድምፃቸው፣ ቃል በቃል፣ ረጋ ብለው፣ የልጆች ተረቱን እንደ ዳዊት ያወርዱት ጀመር።

ደሜ ፈላ። እሳቸው አንብበውላት ካበቁ በኋላ ብትመልስ «ከኔ ሰምታ ነው» ሊሉ አይደል? ስንት መንገድ የሄድኩበት፣ የእህቴን ካርቶን ያስቀደድኩበት ነገር ዓይኔ እያየ ገደል ገባ!

«የኔታ! እርስዎ ካነበቡላትማ በምን ልናውቅ ነው?»

ንባባቸውን ሳያቋርጡ መዳፋቸውን ወደ እኔ አነሱ። አንባቢ አይቋረጥም፤ ይህንንስ አውቃለሁ። ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ይባስ ብሎ ታሪኩ! አንድ የራበው ጅብ ሰርግ ይሰማል። ነጭ ይለብሳል። ገጹን ገለጡ። ጅቡ… ጥምጥም ይጠመጥማል። ከካህናቱ መሀል ገብቶ ይቀመጣል። ወይ ጉዴ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ! የኔታ ቆም አሉና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ደግነቱ ቀጠሉ፤ ያውም ይበልጥ ረጋ ብለው። ጅቡ አንገቱን ደፍቶ መቀመጡን፣ ምግብ ሲቀርብለት «ጾመኛ ነኝ» ማለቱን፣ ሽማግሌዎቹ «እንዴት ያሉ ጻድቅ አባት ናቸው!» ብለው መደነቃቸውን ጸሎት በሚመስል ዜማ አነበቡ፤ ገና የገጹ ግማሽ ላይ ናቸው።

ልጅቱ ሳቀች።

ፈገግታ አይደለም፤ ከሆዷ ፈንድቶ የወጣ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ልታፍነው ያልቻለችው ሳቅ። እስክርቢቶው ከእጇ ወደቀ። እኔ ሳቋን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የኔታ ንባባቸውን አቆሙ። እኔ አቋርጬ ያላስቆምኳቸውን ሰው እሷ አስቆመቻቸው።

«ምን አሳቀሽ?» አሉ። «ምንም የሚያስቅ'ኮ አላነበብኩም።»

ልትናገር ሞከረች። «በ… በ… በ…» ምላሷ ተያዘ፤ አንገቷ ተገተረ። ተወችው። ጣቷን ዘረጋችና እሳቸው ካሉበት በብዙ መስመር ዝቅ ብላ፣ የገጹ ግርጌ ላይ አሳረፈችው።

የኔታ ዓይናቸውን ወደ ጣቷ አወረዱ። አፋቸው ተዘግቷል። እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። ሙሽራዋ በበቅሎ ተቀምጣ ደጃፍ ደርሳለች፤ ሰርገኛው «አባታችን፣ ይባርኩልን» ይለዋል፤ ጅቡም ብድግ ብሎ «ሙሽራዋ ትውረድ፣ በቅሎዋ ትግባ!» ይላል።

መጀመሪያ ጢማቸው ተነቃነቀ። ከዚያ ትከሻቸው። ከዚያ ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ፤ ልጅቱም አብራቸው፣ እኔም አላስቻለኝም። ሳቁ ሲያበቃላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ሲጠርጉ ግን ቆዩ፣ ሳቅ ብቻ እንዳልነበረ እኔም አወቅሁ። ልጃቸውን አዩዋት፤ ለረጅም ጊዜ ደጅ ቆማ አሁን የገባች ያህል አዩዋት።

«መቼ ደረስሽበት?» አሉ። «እኔ ገና ነኝ'ኮ።»

ትከሻዋን ነቀነቀች።

«እንግዲያ ጠብቂኝ እንጂ፣ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው፣ ያ ድምፅ፣ ተቆራረጠ። «ጥለሽኝ አትሂጂ።»

ጥያቄው ቀረ። ወረቀቱንም የጠየቀ የለም። እኔ ምን እንደምል ጠፍቶኝ የወደቀውን እስክርቢቶ ከመሬት አነሳሁ። የኔታ ከጋቢያቸው ሥር ስልካቸውን አወጡና ባሕር ዳር ደወሉ፤ ሩቅ አገር ስለሆነ መጮኽ አለበት ብለው ነው መሰል ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ጮኹ።

«ሄሎ! ሌላ ልጅ ያዥ ፈልጊ!… አልታመመችም!… አልቀየምኩም አልኩሽ፣ እኔው ከዚህ ፈልጌ እልክልሻለሁ!… አሁን ላናግራት አትበይኝ፣ አትመችም! እያነበበች ነው!»

እውነታቸውን ነው። መጽሐፉን ከጉልበታቸው ላይ ወስዳ ወደ በሩ ብርሃን ዞራለች። ስልኩን ዘግተው እጃቸውን ዘረጉና «አምጪው፣ ካቆምኩበት ልቀጥል» አሏት።

አልሰጠቻቸውም።